እውነት ወይስ ተረት? ኩሬ በሐረር ግቢ

ሐረር ውስጥ «ግቢዬ ውስጥ ለወፍ፣ ለንብና ለእንቁራሪት የሚሆን ኩሬ ልቆፍር ነው» ያለ ሰው ከጎረቤት የሚቀበለው የመጀመሪያ መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «አቦ! ወባ ልትጠራብን ነው?» ሁለተኛው ብዙ ሳይቆይ ይከተላል፤ «ሰው የሚጠጣው ባጣበት ከተማ ለእንቁራሪት ውኃ?» ሁለቱም ከክፋት የመጡ አይደሉም። ወባንም የውኃ ችግርንም ያየ ሰው የሚጠይቃቸው ጥያቄዎች ናቸው። ቆፋሪውም በበኩሉ ከዩቲዩብ የለቃቀማቸው የራሱ ተረቶች አሉት። አብዛኞቹ የተቀረጹት ክረምቱ በረዶ በሆነበት፣ ቧንቧም በተከፈተ ቁጥር ውኃ በሚወርድበት አገር ነው። እዚህ የሁለቱንም ወገን አባባል እንመረምራለን። በአንዳንዱ ነጥብ ላይ ጎረቤት ከቆፋሪው ይልቅ ትክክል መሆኑን ከወዲሁ መናገር ይሻላል።

ተረት፦ «ኩሬ ካለ ወባ አለ»
ፍርድ፦ ግማሹ እውነት ነው

ይህን ስጋት በፈገግታ ማለፍ አይገባም። በኢትዮጵያ የወባ አካባቢ ተብሎ በተለምዶ የሚቆጠረው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው ምድር ነው። ሐረር ደግሞ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከወሰኑ ውስጥ ናት ማለት ነው። ወደ ኤረር ሸለቆ ወረድ ሲባል ሙቀቱም ትንኙም ይጨምራል።

ከዚህ የሚከብድ ማስረጃም አለ። በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የሆኑት ቴድሮስ አድኃኖም ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ያሳተሙት ጥናት በትግራይ የመስኖ ግድቦች አቅራቢያ የሚኖሩ ሕፃናትን ከግድብ ርቀው ከሚኖሩ ሕፃናት ጋር ያነጻጸረ ነበር። 1,000 ሕፃናት ለአንድ ወር ቢታዩ በግድቡ አቅራቢያ 14 ጊዜ ወባ ሲከሰት፣ ርቀው በሚገኙት መንደሮች ከ2 ጊዜ በታች ነበር። ልዩነቱ ሰባት እጥፍ ነው። መንደሮቹ የሚገኙት ከ1,800 እስከ 2,225 ሜትር ከፍታ ላይ ስለነበር «ደጋ ነው፣ ምንም አይል» የሚለው ማጽናኛ ለሐረርም አይሠራም። በርግጥ ግድብ ሌላ፣ የግቢ ኩሬ ሌላ ነው። ሆኖም የቆመ ውኃ የሰውን ጤና ሊለውጥ እንደሚችል ለመካድ የሚሞክር ቆፋሪ ከዚህ ጥናት ጋር መጋጨት ይኖርበታል።

ታዲያ ተረቱ የቱ ላይ ነው? «ማንኛውም ውኃ እኩል ነው» የሚለው ላይ ነው። በአገራችን ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፊሊስ አረቢየንሲስ የምትመርጠው ፀሐይ የሚያገኘውን፣ ሣር ቅጠል የሌለበትን፣ ጥልቀት የሌለውን አዲስ ውኃ ነው። የከብት ኮቴ የረገጠው ጭቃ፣ ጡብ የተቆረጠበት ጉድጓድ፣ ዝናብ ያቆረው የመንገድ ዳር ውኃ ዋና ዋና ቤቶቿ ናቸው። እንዲህ ዓይነቱ ውኃ ትናንት የመጣ ስለሆነ ውስጡ እጮቿን የሚበላ ፍጥረት ገና አልገባም። ዓመት የቆየና ዳሩ በቄጠማ የተሸፈነ ኩሬ ግን ነዋሪዎች አሉት። በጀርባቸው የሚዋኙ ትንንሽ ነፍሳት፣ ጠላቂ ጢንዚዛዎች፣ እንዲሁም አራት መስታወት መሳይ ክንፎች ያሏቸውና ውኃ ላይ ቀጥ ብለው የሚያንዣብቡት ረዣዥም በራሪዎች ልጆች የትንኝ እጭ ያድናሉ። እነዚህን ማንም አያመጣቸውም፤ አብዛኞቹ ራሳቸው በርረው ነው የሚመጡት።

ችግሩ መጀመሪያ የምትደርሰው ትንኟ መሆኗ ነው። አዲስ የተሞላ ኩሬ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጡብ ጉድጓድ ብዙም አይለይም። አዳኞቹ እስኪበዙ ድረስ መጠበቅ የባለቤቱ ሥራ ይሆናል። የትንኝ እንቁላል ክንፍ ያላት ትንኝ እስኪሆን እንደ ሙቀቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ስለዚህ በየአራት በየአምስት ቀኑ በነጭ ኩባያ ከዳር ከዳር እየጨለፉ ማየት ይበቃል። ከውኃው ገጽ ጋር ትይዩ ተጋድሞ የሚገኘው እጭ የአኖፊሊስ ነው፤ ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው የሌሎቹ ትንኞች ነው። ከተገኘ እጭ የሚገድለውን ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ ኢስራኤለንሲስ የተባለ ባክቴሪያ ሥሪት መጠቀም ይቻላል፤ እንቁራሪትንም ወፍንም አይጎዳም። ያ ካልተገኘ ውኃውን ደረቅ መሬት ላይ ደፍቶ እንደገና መጀመር ነው። ይህን ያህል ጊዜ የሌለው ሰው ኩሬ ባይቆፍር ይሻላል። እኔ በዚህ ላይ ድርድር አላውቅም፦ ተመልካች የሌለው ኩሬ ሐረር ውስጥ መኖር የለበትም።

ሌላም ነገር አለ። ከእስያና ከዐረብ ምድር የመጣችው አኖፊሊስ ስቴፈንሲ ጅቡቲ ውስጥ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2012፣ በእኛ አገር ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው በ2016 ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ፣ ወባ በማይጠበቅበት ደረቅ ወቅት ድሬዳዋን የመታው ወረርሽኝ ከእርሷ ጋር ተያይዟል። ድሬዳዋ ከሐረር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ስቴፈንሲ የከተማ ትንኝ ናት፤ የምትራባው በበርሜል፣ በውኃ ማጠራቀሚያ ገንዳና ለግንባታ በሚቆፈር ጉድጓድ ውስጥ ነው። በድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የተነሣውን የደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈው ኤደስ ኤጂፕታይም እንዲሁ በርሜልና አሮጌ ጎማ ትወዳለች። እንቁላሏን ከውኃው ከፍ አድርጋ ግድግዳው ላይ ስለምትለጥፍ፣ እንቁላሉም ወራት ሙሉ ደርቆ ስለሚቆይ፣ በርሜሉን ደፍቶ መሙላት ብቻ አይበቃም፤ ውስጡን መፈግፈግ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። ቧንቧ በየስንት ቀኑ በሚመጣበት ከተማ ክዳን የሌለው በርሜልና በደንብ ያልተገጠመ ሮቶ የሌለበት ግቢ ስንት ነው? ኩሬውን የሚቃወመው ጎረቤት በር ላይ የቆመው ክፍት በርሜል ከኩሬው የበለጠ አስጊ ሊሆን ይችላል። ኩሬ ቆፋሪውም ቢሆን ከዚህ የሚማረው አለው። ሣር ያልተተከለበት፣ ዳሩ ቀጥ ያለ፣ በሰማያዊ ቀለም የተዋበ የሲሚንቶ ገንዳ «ንጹሕ ኩሬ» ተብሎ ይሠራል፤ ለስቴፈንሲ ግን ያ የለመደችው የውኃ ማጠራቀሚያ ነው። ማስዋቢያው ገንዳ ከጭቃማው ኩሬ ይብሳል።

በኩሬው ዳር በቆሎ መትከልም ጥሩ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ፣ በአገራችን የተሠራ ጥናት የበቆሎ ዱቄተ አበባ ውኃ ላይ ሲረግፍ የአረቢየንሲስ እጮች ምግብ እንደሚሆንና ዕድገታቸውን እንደሚያፋጥን አሳይቷል። በቆሎው ከጓሮው ወዲያኛው ጫፍ ይተከል።

ተረት፦ «ውኃ በሌለበት ከተማ ኩሬ ቅንጦት ነው»
ፍርድ፦ ውኃው ከየት እንደመጣ ይወሰናል

ከቧንቧ ከሆነ ተረት አይደለም፣ እውነት ነው። ሐረር ለአሥርታት የጠጣችው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ ማብቂያ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2000ዎቹ አጋማሽ፣ ሙሉ በሙሉ ደረቀ። ሰዉ ስለ መድረቁ አንድ ጥፋተኛ ብቻ መጥራት ይወዳል፦ አንዱ የከተማውን ፓምፕ፣ አንዱ የጫት አትክልተኛውን፣ አንዱ የፈጣሪን ቁጣ። አጥኚዎች የሚዘረዝሩት ግን ብዙ ምክንያት ነው፤ ለጫትና ለአትክልት መስኖ የሚሳበው ውኃ፣ ለከተሞች የሚቀዳው፣ ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርደው ደለል፣ ትነቱም ተጨምሮ። ከዚያ በኋላ ለሐረር ውኃ የመጣው ከድሬዳዋ በኩል ከቆላው ጉድጓዶች ተስቦ፣ ዳገቱን በፓምፕ ተገፍቶ ነው። ያን ያህል ነዳጅና መብራት የበላ ውኃ ላይ እንቁራሪት ማርባት፣ በተለይ ጎረቤት ጀሪካን ይዞ በተሰለፈበት ቀን፣ ማንም የሚከላከልለት ሥራ አይሆንም።

ጣሪያው ግን ሌላ ምንጭ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ነው። 50 ካሬ ሜትር የሆነ ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢጥል 500 ሊትር ይወርዳል፤ የመጀመሪያው አቧራ ያጠበው ውኃ ተለቅቆ፣ የተረጨውም ተቀንሶ 400 ሊትር ይቀራል። 3 ካሬ ሜትር ስፋትና በአማካይ 35 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ 1,000 ሊትር ገደማ ይይዛል። ሁለት ሦስት ጥሩ ዝናብ ይሞላዋል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ውኃ በቦይ ወርዶ አስፋልት ላይ የሚባክን ነው።

ከዚያ በጋ ይመጣል። ፀሐይና ነፋስ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ቢወስዱ ከዚህ ኩሬ በየቀኑ 15 ሊትር ይጠፋል፤ ከአንድ ጀሪካን ያነሰ ቢሆንም በወር 450 ሊትር ይሆናል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ዝናቡ ስለሚሳሳ ኩሬው ካልተጨመረበት ወደ ታኅሣሥና ጥር ላይ ይደርቃል። ይድረቅ። የአገራችን ብዙ እንቁራሪቶችና ጉርጦች የሚራቡት በዝናብ ወቅት ብቻ በሚታይ ውኃ ውስጥ ነው፤ ድርቁን አፈርና ድንጋይ ሥር ተደብቀው ያሳልፉታል። ዓመቱን ሙሉ ሞልቶ መታየት ያለበት ኩሬ የሰው ፍላጎት ነው እንጂ የእነርሱ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ያስፈልጋል። ወለሉ ወደ አንድ ጎድጓዳ ቦታ ያዘንብል፤ አለበለዚያ ሲደርቅ ትንንሽ ኩሬዎች ይተዋል፤ እነዚያ ደግሞ አረቢየንሲስ የምትፈልጋቸው ናቸው።

የልብስ እጣቢ ለመጨመር የሚያስብ ካለ ይተው። ሳሙናው የውኃውን ነፍሳት ይፈጃል።

ተረት፦ «ጥልቅ ኩሬ ጥሩ ኩሬ ነው፤ ሲሚንቶ ደግሞ አያፈስም»
ፍርድ፦ ሁለቱም ተረት

ጥልቅ አድርጎ መቆፈርን ያመጣው ከቀዝቃዛ አገር የተወረሰ ምክር ነው፤ እዚያ ውኃው እስከ ታች እንዳይረጋ ይፈራሉ። ሐረር በረዶ የሚሠራ ውኃ የላትም። እ.ኤ.አ. በ2008 በእንግሊዝና በዌልስ የሚሊዮን ኩሬዎች ዘመቻ የጀመሩት ባለሙያዎችም ቢሆኑ አብዛኛው ሕይወት የሚገኘው ቁርጭምጭሚት በማይደርሰው ዳር ላይ መሆኑን ነው የሚናገሩት። ለእኛ መሀሉ 60 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከዚያ ወደ ዳር ቀስ እያለ ቢወጣ በቂ ነው። ወፍ ቆማ የምትጠጣው፣ ንብ ድንጋይ ላይ አርፋ የምትቀዳው፣ የወደቀ እንሽላሊትም የሚወጣው በዚያ ተዳፋት ነው። ዋኔና ድንቢጥ ገንዳ አፋፍ ላይ ቆመው ሲያፈጡ ያየ ሰው ቀጥ ያለ ግድግዳ ለምን እንደማይሆን ይገባዋል።

ስለ ማፍሰስ፣ ለዚህ ትምህርት የሚሆን የራሳችን ታሪክ አለን። በ1990ዎቹ አጋማሽ መንግሥት በአማራና በትግራይ በየገበሬው ደጃፍ የውኃ ማቆሪያ ጉድጓድ እንዲቆፈር ትልቅ ዘመቻ አካሂዶ ነበር። ብዙዎቹ ውኃ አልያዙም። ፕላስቲኩ በጊዜ ያልደረሰላቸው ውኃቸው ወደ አፈር ሰረገ፣ ሲሚንቶ የተለሰኑትም ተሰነጠቁ፣ ሕፃናትና ከብት የወደቁባቸውም ነበሩ። ዕቅዱ መጥፎ ስለነበር አይመስለኝም፤ ቁጥር ለመሙላት የተቆፈረ ጉድጓድ ለመንከባከብ ከተቆፈረው ስለሚለይ ነው። በአንጻሩ ኮንሶዎች በእጅ ቆፍረው በየጊዜው ደለሉን የሚያወጡላቸው የመንደር ኩሬዎች እስከ ዛሬ ያገለግላሉ፤ የሶማሌ አርብቶ አደሮች ቢርካም እንዲሁ ባለቤትና ጠጋኝ አለው።

በግቢ ደረጃ ጂኦሜምብሬን የሚባለው ወፍራም ፕላስቲክ ከሲሚንቶ ይቀላል። ሹል ድንጋይ ይለቀማል፣ ሥሩ አሸዋ ወይም አሮጌ ማዳበሪያ ከረጢት ይነጠፋል፣ ላዩ ፀሐይ እንዳይበላው በአፈርና በጠጠር ይሸፈናል። ዋልካ አፈርን በውኃ እየረጩ መርገጥም ይሠራል፤ ግን ኩሬው ሲደርቅ ዋልካው ስለሚሰነጠቅ በየዓመቱ እንደገና መርገጥ ይጠይቃል። ሲሚንቶ ግድ ከሆነ፣ ኖራው ውኃውን ስለሚያመርረው ደጋግሞ ሞልቶ ማፍሰስ አለ፤ በሐረር ውኃ ያን ማን ይደፍራል?

ተረት፦ «ዓሣ ጨምርበት፣ ትንኙን ይጨርሰዋል»
ፍርድ፦ ለገንዳ እውነት፣ ለኩሬ ስሕተት

ዓሣ የትንኝ እጭ መብላቱ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ጥናት አፋኒየስ ዲስፓር የተባለው የአካባቢው ትንሽ ዓሣ በዓሰብ ወደብ ከተማ ጉድጓዶችና የውኃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ተለቅቆ እጮችን እንደቀነሰ ዘግቧል። ትልቅ የሲሚንቶ ማጠራቀሚያ ያለው ሰው ይህን ቢያስብበት አይነቀፍም።

ለእንስሳት በተሠራ ኩሬ ግን ዓሣው የሚለየው የለም። ጅራታም የእንቁራሪት ልጆችን፣ እነዚያን ጠቃሚ አዳኝ ነፍሳት፣ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ጥቂት ወራት ቆይቶ የቀረው ዓሣና አረንጓዴ ውኃ ይሆናል። በጋ ላይ ሲደርቅ ደግሞ ዓሣው ይሞታል። ለወባ ተብሎ ዓለም ላይ የተሠራጨው ጋምቡሲያ የሚሉት ዓሣ ዛሬ ከዓለም ክፉ ወራሪ ፍጥረታት ዝርዝር ውስጥ የገባው በዚሁ ሆዳምነቱ ነው።

ተረት፦ «እምቦጭ ውኃ ያጣራል፣ አበባውም ያምራል»
ፍርድ፦ ማማሩ እውነት ነው

ከውኃ ውስጥ ንጥረ ነገር መጥጦ መውሰዱም እውነት ነው፤ የሚስፋፋው በዚያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እምቦጭ ጣና ላይ ያደረሰውን የማያውቅ አንባቢ የለም፤ ከዚያ ቀደም ብሎም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ቆቃና አዋሽ ላይ ታይቷል። ከግቢ ኩሬ የተረፈው አንድ ዘለላ በጎርፍ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ ከሐረር ደግሞ ጎርፉ የሚወርደው ወደ ኤረር ነው። እያንሰራራ ያለውን የሐረማያ ውኃም ማሰብ ያስፈልጋል፤ ሐይቁ ባለፉት ዓመታት ውኃ ይዞ፣ ወፎችም ተመልሰው ታይተዋል። በቅርጫት ይዞት የሚመጣ የኩሬ አፍቃሪ እዚያ ቢጠፋ ነው የሚሻለው።

የአገር ተክል ሞልቷል። ለቡና የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ዳሩን ያስይዛል። ጨፌ በሚረጥብ ዳር ይበቅላል። ፊላ ግን በትንሽ ኩሬ ውስጥ ከገባ ሁሉንም ስለሚወስድ ለትልቅ ግቢ ብቻ ነው። ተክሉ ሲመጣ ሥሩ በደንብ ይታጠብ፤ ከወንዝ የመጣ ቀንድ አውጣ አብሮ እንዳይገባ። ቢልሃርዝያ እንዲኖር ትክክለኛው ቀንድ አውጣና የታመመ ሰው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ውኃው ውስጥ መገናኘት አለባቸው፤ ሁለቱም ከሌሉ ያንን በሽታ ከግቢ ኩሬ መፍራት አያስፈልግም።

ስለ ዳሩ ካነሣን፣ ገራባ፣ ማለትም የጫት ትራፊ፣ ኩሬ ውስጥ አይጣል። ቅጠሉ ሲበሰብስ አየር ያጠፋል፤ በዚያ ላይ ጫት ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት እንደሚገኝ በጥናት የታወቀ ነው። ፍየል አለችለት።

ተረት፦ «ኩሬ ጅብና እባብ ይጠራል»
ፍርድ፦ ጅቡ ተረት፣ እባቡ ትንሽ እውነት

ሐረር ላይ ጅብን እንደ አዲስ እንግዳ ማውራት ይገርማል። በጀጎል ግንብ ሥር ባሉት የፍሳሽ ቀዳዳዎች ሌሊት ሲገባ የኖረ፣ ከፈላና በር ውጭ በእጅ ሥጋ የሚበላ፣ በአሹራ ዕለት ገንፎ የሚቀርብለት ጅብ ወደ ግቢ የሚመጣው አጥንትና ትርፍራፊ ሸቶት ነው። ውኃውንማ በየቦዩ ያገኘዋል። ቆሻሻውን የሚያነሣ ግቢ ኩሬ ስላለው ብቻ የተለየ ጅብ አይጎበኘውም።

እባብ እንቁራሪት ስለሚበላ ወደ ኩሬ ሊመጣ ይችላል። ግን እባብን ግቢ ውስጥ የሚያቆየው አይጥ ነው፣ ተከምሮ የተረሳ ድንጋይና እንጨትም ነው። ዳሩን ከቤቱ በር ራቅ አድርጎ መሥራትና በኩሬውና በቤቱ መሀል ያለውን ሣር አጭር ማድረግ ያቃልላል። ሙሉ በሙሉ አያጠፋም።

ተረት፦ «ጉልበት ካልደረሰ ልጅ አይሰጥምም»
ፍርድ፦ አደገኛ ተረት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። መራመድ የጀመረ ሕፃን በግንባሩ ከወደቀ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውኃ ይበቃዋል፤ ድምፅም አያሰማም። ሳፋም፣ በርሜልም፣ ኩሬም ለዚህ አንድ ናቸው። ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ያለበት ወይም የጎረቤት ልጅ እንደልቡ የሚገባበት ግቢ ከውኃው ገጽ በላይ የሚገጠም የብረት ፍርግርግ ወይም የሚዘጋ አጥር ይፈልጋል። ያ ካልተቻለ ልጁ እስኪያድግ ኩሬው ይቆይ።

ተረት፦ «ግቢ ካለ የትም ይቆፈራል»
ፍርድ፦ በጀጎል ውስጥ ተረት

አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባሠሩት ግንብ ውስጥ ያለው ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ነው። ሕጉን ለጊዜው እንተወውና ግድግዳውን እንይ። የሐረሪ ቤት በድንጋይና በጭቃ የተገነባ፣ ከጎረቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ነው። በግድግዳው ሥር የሚያፈስ ኩሬ ጭቃውን ያለሰልሳል፤ ጉዳቱም የቆፋሪው ብቻ አይሆንም። ከቆፈሩስ ምን እንደሚወጣ ማን ያውቃል? ሕዝብ ለዘመናት የኖረበት አፈር ነው። ስለዚህ ጀጎል ውስጥ ጉድጓድ ከማሰብ በፊት የክልሉን የቅርስ ቢሮ ማነጋገር ግዴታ ነው፤ መልሱም እምቢ ቢሆን አያስቆጣም።

ለጠባቡ የሐረሪ ግቢ የተሻለ አለ። ሰፋ ያለ ሳፋ ወይም የሸክላ ገበታ፣ መሀሉ ላይ ከውኃው ከፍ ብሎ የሚወጣ ድንጋይ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ተደፍቶና ተፈግፍጎ እንደገና የሚሞላ። ትንኝ ለማደግ ጊዜ አያገኝም፤ ወፍና ንብ ግን ይጠጣሉ። ለኩሬ የሚሆነው ቦታ ከግንቡ ውጭ፣ በሸንኮርና በሐኪም ወረዳ ያሉት ሰፋፊ ግቢዎች ወይም የትምህርት ቤት ጓሮዎች ናቸው።

ተረት፦ «እንቁራሪት ካልመጣ ከገጠር ማምጣት ነው፤ ግን እጅህ ላይ ኪንታሮት ያወጣብሃል»
ፍርድ፦ ሁለቱም ተረት

ኪንታሮትን የሚያመጣው ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። የጉርጥ ቆዳ ላይ ያሉት እባጮች የራሱ ዕጢዎች ናቸው፤ ፈሳሻቸው ዓይን ከነካ ስለሚያቃጥል እጅ መታጠብ ይገባል፤ ከዚያ ያለፈ የለም።

ማምጣት የማያስፈልገው ለሌላ ምክንያት ነው። የዓለምን እንቁራሪቶች በብዛት ያጠፋ የቆዳ ፈንገስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ይኸው ፈንገስ በኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች በብዙ ዝርያዎች ላይ በስፋት መገኘቱን አሳይቷል። ኢትዮጵያ ደግሞ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ እንቁራሪቶች አገር ናት። በጀሪካን የሚጓዝ አንድ እንቁራሪት፣ አንድ ጣሳ የኩሬ ውኃ፣ እርጥብ ቦቲ ጫማ ፈንገሱን ከሸለቆ ወደ ሸለቆ ያሻግረዋል። በአካባቢው ጉርጥ ካለ ራሱ ይመጣል። ይህም በመጀመሪያው ክረምት ካልሆነ በሁለተኛው ነው፤ ከሌለ ደግሞ ኩሬው ለወፍና ለንብ ይቀራል።

ከመጣ ግን አንድ ነገር ከወዲሁ መታወቅ አለበት። ወንዶቹ ሴት ለመጥራት ይጮኻሉ፣ የሚጮኹትም ዶፍ በወረደ ሌሊት ነው። ጥቂት ሳምንት የሚቆይ ቢሆንም በእነዚያ ሌሊቶች በመስኮቱ ሥር ለተኛ ሰው ከልክ በላይ ነው። ኩሬውን ከጎረቤት መኝታ ቤት ራቅ አድርጎ መቆፈርና ሰኔ ሳይገባ ሄዶ መንገር ይሻላል። ወባውን አስመልክቶ ለጠየቀውም በዚያው ጉብኝት ነጩን ኩባያ ይዞ መሄድ ነው፤ የራሱ በርሜልም አብሮ እንዲታይ።